በእጅ የሚያዝ ኤክስአርኤፍ ለሐይቅ ደለል፦ ምን ያያል፣ ምን ያመልጠዋል?

ይህን የምጽፈው በከተማ ሐይቆች ደለል ላይ ለምትሠሩና በእጅ የሚያዝ ኤክስአርኤፍ (በኤክስሬይ ንጥረ ነገሮችን የሚለካ መሣሪያ) ለመግዛት ወይም ለመከራየት ለምታስቡ ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። እርሳስ፣ ዚንክና መዳብ ሐይቁ ውስጥ የት የት እንደተከማቹ በፍጥነት ለማወቅ ከዚህ መሣሪያ የተሻለ ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም። «ይህ ሐይቅ ንጹህ ነው» ብሎ ለመመስከር ግን ፈጽሞ አትጠቀሙበት። የሁለቱ ልዩነት ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ሰፊ ነው።

መሣሪያው የድሪል ቅርጽ አለው። እጀታ፣ ቃታ፣ ከኋላ ስክሪን፣ ከፊት ደግሞ በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነች ትንሽ መስኮት። ቃታው ሲሳብ በመስኮቱ ኤክስሬይ ይወጣና ናሙናውን ይመታል። ጨረሩ ከአቶሙ ውስጠኛ ክፍል ኤሌክትሮን ያስወጣል። ክፍተቱን ለመሙላት ከውጭ ያለው ኤሌክትሮን ሲወርድ ሌላ ኤክስሬይ ይለቀቃል። የዚህ ኤክስሬይ ኃይል ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተለየ ነው። መሣሪያው ይህን አንብቦ ምን እንዳለና ምን ያህል እንዳለ ያሰላል። አሲድ የለም፣ ማሟሟት የለም። ናሙናው ስለማይበላሽ ያንኑ ናሙና በኋላ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይቻላል። ይህን በጣም ነው የምወደው።

የብራንዱን ስም አልጠራም። የምለው ነገር አብዛኛው የቴክኖሎጂው ባሕርይ እንጂ የአንድ ፋብሪካ ጉድለት አይደለም። የሌላ ኩባንያ ምርት ብትይዙም ያው ችግር ይገጥማችኋል።

ከጭቃው ልጀምር፤ ብዙው ስህተት የሚፈጠረው እዚያ ነው። ማስታወቂያዎቹ ላይ ሰው መሣሪያውን መሬት ላይ ደግኖ ወዲያው ቁጥር ሲያነብ ይታያል። ለደረቅ አፈር ይሠራ ይሆናል። ከሐይቅ ወለል ገና የወጣ ጭቃ ግን ከ70 እስከ 90 በመቶው ውኃ ሊሆን ይችላል። ውኃው ብረቱን ያሳሳዋል፤ ጨረሩንም ይውጣል። በዓለም ላይ የምንጠቀምባቸው የደለል መመሪያዎች ደግሞ የሚናገሩት በደረቅ ክብደት ነው።

በቁጥር እንየው። ማክዶናልድ፣ ኢንገርሶልና በርገር በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙትን ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ደለል ገደብ ብዙዎቻችን እንጠቀምበታለን። ለእያንዳንዱ ብረት ሁለት ቁጥር አለው። ከታችኛው ቁጥር በታች ከሆነ በደለሉ ውስጥ በሚኖሩ ፍጥረታት ላይ ጉዳት አይጠበቅም። ከላይኛው በላይ ከሆነ ጉዳት ይጠበቃል። ለእርሳስ የታችኛው 35.8፣ የላይኛው 128 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም ነው። አሁን እርጥቡ ጭቃ ላይ 40 አነበባችሁ እንበል። «የታችኛውን ገደብ ትንሽ አለፈ» ብላችሁ ልትረጋጉ ትችላላችሁ። ጭቃው 75 በመቶ ውኃ ከሆነ ግን በደረቅ ክብደት ወደ 160 ይጠጋል። የላይኛውን ገደብ አልፏል ማለት ነው። ያው ናሙና፣ ያው መሣሪያ፤ ፍርዱ ግን ተገለበጠ።

ስለዚህ እኔ ሐይቁ ዳር ላይ በእርጥቡ የማነበው «የቱ ቦታ ከየቱ ይበልጣል?» ለሚለው ብቻ ነው። ለሪፖርት የሚሆነው ቁጥር የሚመጣው ጭቃው ደርቆ፣ ተፈጭቶና ተነፍቶ፣ በናሙና መያዣ ኩባያ ውስጥ በስስ ፊልም ተሸፍኖ ሲነበብ ነው። ሲደርቅ ሙቀቱን ዝቅ አድርጉ። ሜርኩሪ ከሙቀት ጋር ይተናል። ሜርኩሪ የሚለካበት ናሙና ኦቨን ውስጥ መግባት የለበትም፤ ለብቻው ቀድሞ መለየት አለበት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለዚህ መሣሪያ ያወጣው ዘዴ 6200 የሚባለው መመሪያም ይህን ያስጠነቅቃል።

ስለ ወንፊቱ በአጭሩ። ብረቶች ከደቃቁ ክፍል ጋር ይጣበቃሉ። ከ63 ማይክሮ ሜትር በታች የሆነውን ብቻ ለይታችሁ ካነበባችሁ ቁጥሩ አሸዋ ከተቀላቀለበት ጭቃ ይበልጣል። ሁለቱም ትክክል ነው። አንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር ግን ትክክል አይደለም። ያደረጋችሁትን ጻፉ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ።

መሣሪያውን ያሳየኝ ሻጭ «ከማግኒዥየም እስከ ዩራኒየም፣ በደቂቃ ውስጥ» አለኝ። ከዚያ ናሙና አውጥቶ አነበበልኝ። ካድሚየሙም እርሳሱም ቁልጭ ብለው መጡ። ናሙናው የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም የሚሸጠው 2711ኤ የተባለው የሞንታና አፈር ነበር። የተመሰከረለት የካድሚየም መጠኑ 54 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም ገደማ ነው። እርሳሱ 1,400 ነው። እንዲህ ዓይነት አፈር ላይ ማንኛውም ጥሩ መሣሪያ ያሸንፋል። ለካድሚየም የደለሉ የታችኛው ገደብ ግን 0.99፣ የላይኛው 4.98 ነው። ማለትም የማሳያው ናሙና ከላይኛው ገደብ ከአሥር እጥፍ በላይ ነበር። «ዝቅ ያለ ናሙና የለዎትም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። በእጁ አልነበረም። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ የተሰጠውን ይዞ ነው የሚዞረው። የምትገዙ ከሆነ ግን ይህን ጥያቄ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

በእኔ መሣሪያ፣ ሁለት ደቂቃ አንብቤ፣ ካድሚየም ከ10 ሚሊ ግራም አካባቢ በታች ከሆነ ስክሪኑ ቁጥር አይሰጠኝም። «ከመለየት አቅም በታች» ይላል። 10 ማለት ከላይኛው የጉዳት ገደብ ሁለት እጥፍ ነው። እንግዲህ በደለሉ ውስጥ ያሉ ትሎችንና እጮችን የሚጎዳ ካድሚየም እያለ ስክሪኑ ዝም ሊል ይችላል። ሜርኩሪም እንደዚሁ ነው። ለሜርኩሪ የታችኛው ገደብ 0.18፣ የላይኛው 1.06 ነው። እነዚህ መሣሪያዎች አፈር ላይ ሜርኩሪን ማየት የሚጀምሩት ከዚያ በብዙ ከፍ ሲል ነው። ሜርኩሪ ደግሞ በትንሹም ቢሆን የማይናቅ ነው። ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይቀይሩታል። ከዚያ ከትንሽ ፍጥረት ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ትልቅ ዓሣ እየተከማቸ ይወጣል።

«ታዲያ ረዘም አድርጌ ባነብስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሒሳቡ አይፈቅድም። የመለየት አቅሙ የሚሻሻለው በጊዜው ስኩዌር ሩት ልክ ነው። አቅሙን በእጥፍ ለማሻሻል ጊዜውን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከ10 ወደ 1 ለመውረድ መቶ እጥፍ ጊዜ ይጠይቃል። ሁለት ደቂቃው 200 ደቂቃ ይሆናል፤ ለአንድ ናሙና ከሦስት ሰዓት በላይ ማለት ነው። ያኔ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይሻላል። አይሲፒ-ኤምኤስ የተባለው የላቦራቶሪ መሣሪያ ካድሚየምን ከአንድ ሚሊ ግራም በታችም በቀላሉ ይለካዋል።

አርሰኒክ ሌላ ጣጣ አለው። የአርሰኒክ ዋናው መስመር፣ ማለትም የሚለቀው ኤክስሬይ ኃይል፣ 10.54፣ የእርሳስ ደግሞ 10.55 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው። ለዚህ መሣሪያ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ የቆሙ ያህል ነው። ሶፍትዌሩ እርሳስን በሌላ መስመር ለክቶ ይቀንሰዋል፤ የቀረውን አርሰኒክ ይለዋል። እርሳሱ ትንሽ ከሆነ ይሠራል። የከተማ ሐይቅ ግን ብዙ ጊዜ በእርሳስ የተሞላ ነው። እርሳስ ከአርሰኒክ አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን የአርሰኒኩን ቁጥር ማመን አይቻልም። ዘዴ 6200ም ይህንኑ ነው የሚለው። እኔ እንዲህ ያለ ናሙና ላይ የአርሰኒክ ቁጥር በስክሪኑ ላይ ቢመጣም ሪፖርት ውስጥ አላስገባውም።

ይህን ሁሉ የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። ስዊድናዊው ላርስ ሃካንሰን በ1980 የሐይቅ ደለል የሥነ ምህዳር አደጋ መለኪያ አወጣ። እስከ ዛሬ በብዙ ጥናት ይሠራበታል። ለእያንዳንዱ ብረት የመርዛማነት ክብደት ሰጠው። ሜርኩሪ 40፣ ካድሚየም 30፣ አርሰኒክ 10፣ እርሳስና መዳብ 5፣ ክሮሚየም 2፣ ዚንክ 1። እስቲ ቅደም ተከተሉን እዩት። ይህ መሣሪያ ግሩም አድርጎ የሚለካቸው ዚንክ፣ መዳብና እርሳስ ከታች ናቸው። የሚቸገርባቸው ሦስቱ ከላይ ናቸው። ስክሪኑ ላይ «ከመለየት አቅም በታች» የሚለውን ሰንጠረዥ ውስጥ ዜሮ አድርጎ የሚያስገባ ሰው ከመለኪያው ትልልቁን ክብደት አውጥቶ ጣለው ማለት ነው። የሚወጣው የአደጋ ካርታ አረንጓዴ ይሆናል። ያንን ካርታ አይቶ ጭቃው ይጠረግ አይጠረግ፣ ልጆች ዳር ላይ ይጫወቱ አይጫወቱ የሚወስን ሰው አለ። ለዚህ ነው የማላልፈው።

ሌላው ነገር የመርዛማነት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። ኤክስአርኤፍ የሚነግረን ጠቅላላውን መጠን ነው። በማዕድን ፍሬ ውስጥ ተቆልፎ ለዘመናት የማይወጣውንም፣ ነገ ጠዋት ወደ ውኃው የሚሟሟውንም አንድ ላይ ይቆጥራል። ባሳልት አለት ባለበት አካባቢ ያለ ሐይቅ ምንም ፋብሪካ ሳይኖረው ኒኬሉና ክሮሚየሙ ከገደብ በላይ ሊሆን ይችላል። የአለቱ ተፈጥሮ ነው። በእርግጥ ከቆዳ ፋብሪካ የመጣ ክሮሚየምም አለ። መሣሪያው ሁለቱን አይለይም። ሦስት ቫለንሲ ያለውን ክሮሚየም እጅግ መርዛማ ከሆነው ባለ ስድስቱም አይለይም። የላቦራቶሪው ቁጥር ከእናንተ ቁጥር ቢያንስም አትደንግጡ። ላቦራቶሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት አሲድ የሲሊኬት ማዕድኑን ሙሉ በሙሉ አያሟሟም። በተለይ ክሮሚየም ላይ ልዩነቱ ይሰፋል።

ጥልቁ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ሰልፋይድ የሚባል የሰልፈር ውህድ አለ። ዲ ቶሮና ባልደረቦቹ በ1990 ካድሚየም ላይ እንዳሳዩት፣ በአሲድ የሚለቀቀው ሰልፋይድ ከብረቱ በሞል (በክብደት ሳይሆን በቅንጣት ብዛት) ከበለጠ ብረቱ በሰልፋይድ ታስሮ ይቀመጣል፤ መርዛማነቱም ይቀንሳል። በኋላ መዳብ፣ ኒኬል፣ እርሳስና ዚንክም በዚሁ መንገድ ተጠንተዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ያለ ደለል ለጊዜው ጸጥ ያለ ሊሆን ይችላል። ሐይቁ ሲጎድልና ጭቃው ለአየር ሲጋለጥ፣ ወይም በማሽን ሲዛቅ፣ ሰልፋይዱ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። የታሰረው ብረት ይፈታል። ይህን የትኛውም ስክሪን አይነግራችሁም። ማወቅ ከፈለጋችሁ የሰልፋይዱንና አብሮት የሚወጣውን ብረት ልኬት ላቦራቶሪውን ጠይቁ። ከተቻለም የመርዛማነት ፈተናውን አሠሩ። ካይሮኖመስ የተባለችው የትንኝ መሰል ዝንብ እጭ ወይም ሃያሌላ የተባለች ትንሽ ፍጥረት ለ10 ቀን በእናንተ ደለል ውስጥ ትቀመጣለች። ስንቱ ተረፈ፣ የተረፈው ምን ያህል አደገ ተብሎ ይቆጠራል። ውድና አድካሚ ነው። ግን ጥያቄውን በቀጥታ የሚመልሰው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ለምን መሣሪያውን አልሸጥኩትም? ጥሩ የሆነበት ቦታ ላይ በጣም ጥሩ ስለሆነ።

የጎርፍ ቦዮች ሐይቁ ውስጥ የሚገቡበትን አፍ ውሰዱ። ዚንክ ከመኪና ጎማና ከቆርቆሮ ጣሪያ ይመጣል፤ ጎማ ውስጥ ከክብደቱ 1 በመቶ ገደማ ዚንክ አለ። መዳብ ከፍሬን ሸራ ይመጣል። ካሊፎርኒያ በ2010 ባወጣችው ሕግ በፍሬን ሸራ ውስጥ ያለውን መዳብ ከ2025 ጀምሮ ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ ያደረገችው በዚሁ ምክንያት ነው። ለዚንክ የታችኛው ገደብ 121፣ ለመዳብ 31.6 ስለሆነ መሣሪያው ሁለቱንም ያለ ችግር ያያል። ከቦዩ አፍ ተነስቶ ወደ መሐል እየሄዱ እያነበቡ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወርድ ማየት ይቻላል። ሐይቁ ዳር ቆማችሁ ቀጣዩን ናሙና የት እንደምትወስዱ ትወስናላችሁ። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ሳምንታት መጠበቅ የለም። ለእኔ የመሣሪያው ትልቁ ዋጋ ይህ ነው።

አንዳንድ ሐይቅ ላይ ደግሞ መዳቡ በየቦታው እኩል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከቦዩ ጋር አይያያዝም። ያኔ የሐይቁን ታሪክ ጠይቁ። አልጌ ለመግደል መዳብ ሰልፌት ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። በሚኒሶታ የፌርሞንት ሐይቆች ለ58 ዓመታት ሲጨመር ኖሮ መዳቡ ወለሉ ላይ ተከማችቷል።

በቱቦ የሚወጣው የደለል ዓምድ፣ ኮር የምንለው፣ ላይም ደስ የሚል ሥራ ይሠራል። ኮሩን ለሁለት ሰንጥቆ ከላይ ወደ ታች በየሴንቲ ሜትሩ ማንበብ ነው። እርጥብ ስለሆነ ቁጥሩ ትክክለኛ አይደለም፤ ቅርጹ ግን ይታያል። በብዙ ከተሞች እርሳሱ ከታች ዝቅተኛ ሆኖ ይጀምርና እየወጣ ሄዶ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ላይኛው ሽፋን ሲቃረብ ይወርዳል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን የገባበትንና የወጣበትን ዘመን ነው የምታዩት። በመኪና ቤንዚን ውስጥ የመጨረሻዋ ተጠቃሚ አልጄሪያ ያቆመችው በሐምሌ 2021 ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። መውረዱ ግን ጠፋ ማለት አይደለም። ያ እርሳስ እዚያው ታች አለ። ሐይቁን ጥልቅ ለማድረግ ብሎ ላይኛውን ሽፋን የሚጠርግ ሰው የድሮውን ጫፍ ወደ ላይ ያወጣዋል። ይህን አንድ ከሰዓት በኋላ ላይ ማሳየት የሚችል መሣሪያ ነው።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልበል። የመስኮቱ ፕላስቲክ በጣም ስስ ነው። ጠጠር ወይም የተሰበረ ቀንድ አውጣ ይበሳዋል፤ ከኋላው ያለው መለኪያ ደግሞ የመሣሪያው ውዱ ክፍል ነው። መለዋወጫ ፕላስቲክ ሳትይዙ ከቤት አትውጡ። ስክሪኑ ፀሐይ ላይ አይነበብም፤ ጥላ ፈልጉ። ክብደቱ ቀላል ቢመስልም ለሁለት ደቂቃ በእጅ ደግፎ መቆየት ይከብዳል፤ የእኔ ምርጫ ሁልጊዜ ማቆሚያው ላይ ማድረግ ነው። ይህ ለደኅንነትም ነው። የሚወጣው እውነተኛ ኤክስሬይ ነው። ናሙናውን በእጅ ይዞ ከመስኮቱ ፊት ማስቀመጥ፣ ወይም ጭን ላይ አድርጎ ማንበብ፣ በፍጹም አይደረግም። በብዙ አገር ፈቃድና ሥልጠና ያስፈልገዋል። የምትከራዩ ከሆነ ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ማን ይግዛው? ዓመቱን ሙሉ ብዙ ናሙና የሚሰበስብ ቡድን ይግዛው። አንድ ሐይቅ አንዴ ለማጥናት ለሚፈልግ ሰው መከራየት ይበቃዋል። ሜርኩሪና ካድሚየም ብቻ የሚያሳስበው ሰው ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ላቦራቶሪው ላይ ያውለው።

ለሚገዙትም ለሚከራዩትም የምለው አንድ ነው። ዘዴ 6200 ከ20 ናሙና ቢያንስ አንዱ ወደ ላቦራቶሪ እንዲሄድ ይላል። ለሐይቅ ደለል ይህ ያንሳል ባይ ነኝ። ከዝቅተኛው፣ ከመካከለኛውና ከከፍተኛው ንባብ እየመረጣችሁ ከዚያ በላይ ላኩ። ካድሚየምና ሜርኩሪ ደግሞ ንባቡ ምንም ይሁን ምን በላቦራቶሪ ይለኩ። በሰንጠረዣችሁ ውስጥ «የለም» ወይም ዜሮ አትጻፉ። «ከ10 በታች» ብላችሁ ጻፉና አጠገቡ ገደቡ 4.98 መሆኑን አስቀምጡ፤ ሪፖርቱን የሚያነበው ሰው ራሱ ያያል።